ትልቁ ዱድል ወይስ ትንሹ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት የሚሆነውን መጠን አመራረጥ

ዱድል የሚባለው ፑድል ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የሚወለድ ውሻ ነው። ከላብራዶር ጋር ከሆነ ላብራዱድል፣ ከጎልደን ሪትሪቨር ጋር ከሆነ ጎልደንዱድል ይባላል። ከኮከር ስፓንኤል የሚወለደው ኮካፑ፣ ከማልቲዝ የሚወለደው ደግሞ ማልቲፑ ነው። ጸጉሩ ጥቅልል ያለ፣ ፊቱ አሻንጉሊት የሚመስል ስለሆነ ቲክቶክ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ይመኘዋል። ሊያመጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄም ያው ነው፦ ትልቁን ልያዝ ወይስ ትንሹን?

ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት ከቤታቸው ስፋት ነው። ግቢ ካለ ትልቅ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ትንሽ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዱድልን ከሌላው ውሻ የሚለየው ጸጉሩ ነው። ብዙ አይረግፍም፤ ግን ዝም ብሎ ያድጋል። ካልተበጠረ ይቋጠራል። ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ደሴ ላይ ትክክለኛው ጥያቄ «በሐምሌ ጭቃና ጉም ውስጥ ምን ያህል ጸጉር አበጥሬ ማድረቅ እችላለሁ?» የሚለው ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ጥያቄው ወደ ሙቀትና ወደ መዥገር ይዞራል። ግቢው የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው።

1. ቁጥሮቹን ግድግዳ ላይ ጻፉ

የዱድል መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በፑድል ወላጁ ነው። ፑድል ራሱ በመጠን ይከፋፈላል። በዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን መስፈርት ትልቁ ፑድል ትከሻው ላይ ሲለካ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። መካከለኛው ከ35 እስከ 45፣ ሚኒው ከ28 እስከ 35፣ ቶይ የሚባለው ከ24 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ነው።

ዱድል ግን በፌዴሬሽኑ ዘንድ ዝርያ ተብሎ አልተመዘገበም። ስለዚህ «ሚኒ» ወይም «ሚዲየም» ብሎ የሚሰይመው ሻጩ ነው። በግምት ማልቲፑ ከ3 እስከ 8 ኪሎ፣ ኮካፑ ከ5 እስከ 11 ኪሎ፣ ሚኒ ጎልደንዱድል ከ7 እስከ 16 ኪሎ ይሆናል። ስታንዳርድ የሚባሉት ትልልቆቹ ላብራዱድልና ጎልደንዱድል ከ20 ኪሎ ተነስተው 35 ሊደርሱ ይችላሉ። ከበርኒዝ ማውንቴን ዶግ የተዳቀለው ከዚያም ያልፋል።

አሁን ሜትርና እርሳስ አምጡ። ሳሎን ግድግዳ ላይ በ30፣ በ45 እና በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ የትከሻ ከፍታ ነው፤ አንገትና ጭንቅላት ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ ቡና የምታፈሉበት ቦታ ቁጭ በሉና ምልክቱን እዩት። የ60ው ውሻ ዞር ሲል ጅራቱ ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ ይጠርገዋል። የ30ው ውሻ ደግሞ ቄጤማው ላይ ይተኛል፣ ቆሎውንም ሳታዩት ይጨርሰዋል። ሁለቱም ይለመዳል። ግን የትኛውን መልመድ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ እወቁ።

2. የጀሪካን ፈተና

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ቤታችሁ ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይጠፋም። የምታስቡትን ውሻ ክብደት የሚያህል ውሃ ሙሉና ከቤት በር እስከ አስፋልት ተሸክማችሁ ውጡ። ጦሳ ሥር ያለ ዳገታማ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ የሚወጣውንም የሚወርደውንም መንገድ ሞክሩት።

ለምን? ውሻ ሲታመም ወይም እግሩ ሲሰበር አይራመድም። ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚሄደው በእናንተ ክንድ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ትልቅ ውሻ ይጭንልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ባጃጅም ቢሆን በኮንትራት ካልሆነ አይሆንም፤ በኮንትራትም ሾፌሩን ማግባባት ይጠይቃል። ለዚያውም ጀሪካን እጀታ አለው፣ አይወራጭም፣ አይናከስም።

ፈተናውን ግን ጎረምሳው ልጃችሁ ብቻ አይሥራው። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው? እናታችሁ ናቸው? የቤት ሠራተኛዋ ናት? ባለ 20ውን ማንሳት ያለባት እሷ ናት። ትልቅ ዱድል ገመድ ታስሮ ድመት ሲያይ የሚጎትተውም እሷን ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ 30 ኪሎ ውሻ ድንገት ሲስብ ጎበዝም ይወድቃል። ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ አዛውንት ካሉ ከ15 ኪሎ በላይ አትሂዱ እላለሁ።

3. ጸጉሩን በክረምት አስቡት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። ፀሐይ ለሰዓታት ብቅ ላትል ትችላለች። ልብስ እንኳን በሁለት ቀን አይደርቅም። በዚህ ጊዜ ዱድል በቀን ሁለቴ ሦስቴ ለሽንት ይወጣል፤ አራት እግሩንና ሆዱን አጨቅይቶ ይመለሳል። የሀበሻ ውሻ ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ራሱን አራግፎ ይደርቃል። ዱድል ግን ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞት ይቆያል። እርጥበቱ ቆዳው ጋ ሲቆይ ጸጉሩ ይቋጠራል፣ ይሸታል፣ ቆዳው ይቆጣል። ጆሮው የተንጠለጠለና ጸጉራም ስለሆነ ውስጡ ሲረጥብ ይመረቅዛል።

ሥራው እንዲህ ነው፦

ውሻው ከውጭ ሲገባ እግሩን ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁና በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ። አትሹት፤ ማሸት ያቋጥረዋል። ከዚያ በእጃችሁ ጸጉሩን ወደ ላይ ገልጣችሁ፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ፣ ከሥር ወደ ውጭ መስመር በመስመር አበጥሩ። ከላይ ከላይ መቦረሽ አይጠቅምም። ላዩ ያማረ ይመስልና ሥሩ ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ሲያልቅ የብረት ማበጠሪያ አስገቡ፤ ሳይያዝ ካለፈ ተሳክቷል። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥርና የኋላ እግሮች መካከል ያለውን ቦታ አትዝለሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የተቋጠረ ጸጉር ሳይፈታ ገላውን አትጠቡት። ውሃ ሲነካው ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ከዚያ መፍትሔው መላጨት ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ መጠን እንመለስ። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 5 ኪሎ ከሚመዝነው በስድስት እጥፍ ይከብዳል። የቆዳው ስፋት ግን የሚበልጠው በሦስት እጥፍ አካባቢ ነው። ቢሆንም ሦስት እጥፍ ቀላል አይደለም። ትንሹን በሩብ ሰዓት የምታበጥሩት ከሆነ ትልቁ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ለትንሹ አንድ ፎጣ ይበቃል፤ ለትልቁ ሦስት ያስፈልጋል፣ ሦስቱም ፎጣዎች ደግሞ መድረቅ አለባቸው። በጸጉር ማድረቂያ ላግዘው ካላችሁም ክረምት ላይ መብራት የሚጠፋበትን ቀን አትርሱ።

ለትንሹም ቢሆን አንድ ችግር አለበት። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው። ጭቃው እግሩ ላይ ሳይቆም ሆዱና ደረቱ ድረስ ይደርሳል። 45 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ውሻ ቢያንስ ሆዱ ይተርፋል። ለደሴ መካከለኛውን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው አማራጭ መቁረጥ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ መላ ሰውነቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጋችሁ አሳጥሩት። በሌላ ጊዜም ዱድል በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መስተካከል ይፈልጋል። የውሻ ጸጉር የሚቆርጥ ባለሙያ በየሰፈሩ ስለሌለ ማሽን ገዝታችሁ ራሳችሁ ትማራላችሁ። ለውሻ የተሠራውን ግዙ፤ የሰው ጸጉር መቁረጫ በዚህ ጸጉር ይታነቃል። በመጀመሪያው ቆረጣ ውሻችሁ ያስቃል። አብሽሩ፣ ይበቅላል።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች፣ ወደ 1,850 ሜትር ያለች ከተማ ስለሆነች ጭቃው ቢኖርም መድረቁ ይቀላል። እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር መዥገር ይደብቃል። መዥገር ደግሞ የደም በሽታ ያስተላልፋል። በየቀኑ በጣታችሁ ጆሮውን፣ አንገቱንና የጣቶቹን መካከል ዳስሱ። ትንሽ ውሻ ላይ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሙቀትም አለ፦ ሰውነቱ የገዘፈ ውሻ ሙቀቱን ለማውጣት ይቸገራል። በበጋ ትልቅ ዱድል ይዛችሁ የምትወጡት ማለዳና ምሽት ብቻ ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ አምስት ሰከንድ ካላስቻላችሁ የውሻውንም መዳፍ ያቃጥላል። ስለሞቀው ብላችሁ ቆዳው እስኪታይ አትላጩት፤ ፀሐይ ይመታዋል።

4. ሌሊት የት ያድራል?

ዱድልን ውጭ አስራችሁ ለማሳደር ካሰባችሁ ሌላ ውሻ ምረጡ። ትልቁም ቢሆን የጥበቃ ውሻ አይደለም። ላብራዶርም ጎልደንም ሰው ወዳድ ናቸው። ሌባ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ለግቢ ጥበቃ የአገራችን ውሻ ይበልጣል፤ ብርዱንም ዝናቡንም ያውቀዋል።

ትንሹ ደግሞ ውጭ ካደረ አደጋ ላይ ነው። በከተማው ዳር ዳር ጅብ ይመጣል። በማለዳም ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ ይንቀሳቀሳሉ። 5 ኪሎ ውሻ ለእነሱ አንድ ንክሻ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አለ። ስለዚህ መጠኑ ምንም ይሁን ምን ቤት ውስጥ የሚያድርበት ጥግ ያስፈልገዋል። ትልቁ ተዘርግቶ ሲተኛ ከአንድ ሜትር በላይ ወለል ይይዛል። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ «ውሻ ላመጣ ነው» ብቻ አትበሉ። ኪሎውን ንገሯቸው። የሚስማሙት የቤት ውስጥ ድመት የሚያህል መስሏቸው ሊሆን ይችላል።

5. ቤት የሚገባውን ሰው ቁጠሩ

ወሎ ቤት ያለ እንግዳ አይውልም። ጎረቤት ለቡና ይመጣል፣ ዘመድ ከገጠር ይመጣል፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ለሶላት መታጠብና መለወጥ ያለበት ሰው ብዙ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እትዬም በጭቃማ እግር መነካት አትፈልግም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ውሻው ጎረቤት ካስቀየመ የሚጎዳው ውሻው ነው።

ትልቅ ዱድል በደስታ ሲዘል የፊት እግሩ ደረት ላይ ያርፋል። «አትዝለል» የሚለውን ከቡችላነቱ ማስተማር ግዴታ ነው። ትንሹ ግን ሳይታይ ጉያ ውስጥ ይገባል፣ ጫማም ያሸታል። በእኔ እምነት እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ከሁለቱም የሚሻለው፣ በር ላይ ትንሽ አጥር ሠርታችሁ በአንድ ክፍል ልታቆዩት የምትችሉት መጠን ነው። ትልቁ አጥሩን ይዘላል። ትንሹ በሥሩ ይሾልካል። መካከለኛው ያዳምጣል፤ ቢያንስ ከተማረ።

በቤታችሁ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ካለ «ዱድል አለርጂ አያስነሳም» የሚለውን ወሬ አትመኑ። አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን በምራቅ፣ በቆዳ ፍርፋሪና በሽንት ውስጥ ነው። ጸጉሩ ስላልረገፈ አይጠፋም። ላብራዱድልን እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ ያዳቀለው ዋሊ ኮንሮን ዓይነ ስውር ለሆነች የሃዋይ ሴት መሪ ውሻ ፍለጋ ነበር፤ ባሏ አለርጂ ነበረበት። ከተወለዱት ሦስት ቡችላዎች ለሰውዬው የተስማማው አንዱ ብቻ ነው። ኮንሮን ራሱ በኋላ በሥራው መጸጸቱን ተናግሯል። የአለርጂ ሰው ካለ መፈተኛው አንድ ነው፦ ሳትገዙ በፊት ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ጊዜ ማሳለፍ።

6. የምግቡ ሒሳብ

የእንስሳት ሐኪሞች ለተኮላሸ አዋቂ የቤት ውሻ በሚጠቀሙበት ስሌት 5 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 375 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። የ15 ኪሎው ወደ 850፣ የ30 ኪሎው ወደ 1,430። አያችሁ፣ ክብደቱ ስድስት እጥፍ ሲሆን ምግቡ አራት እጥፍ አይሞላም። ትልቅ ውሻ እንደሚፈራው አያከስርም ማለት ነው።

የሚያከስረው መድኃኒቱ ነው። የሆድ ትል ክኒን፣ የመዥገር መድኃኒትና ማደንዘዣ በኪሎ ይሰላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ለትንሹም ለትልቁም መጠኑ አንድ ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ጀምሩት፣ በየዓመቱም ድገሙት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለትንሽ ውሻ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው የማዕድ ትርፍራፊ ነው። ወጣችን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ጉዳቱም በኪሎ ይወሰናል። 30 ኪሎ ውሻ ያለ ምልክት የሚያልፈው ፍትፍት የ4 ኪሎውን ሊያሳምም ይችላል። ከልኳንዳ የሚገኘውን ሳንባ ቀቅሉለት፣ ሩዝ ጨምሩበት። የዶሮ አጥንት ለማንኛቸውም አይሰጥም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይበቃዋል» አይሠራም። ፑድልም ኮከርም መነሻቸው የአደን ውሻ ነው። ሚኒው እንኳ በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ መውጣት ይፈልጋል። ትልቁ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ።

ስለዚህ ምን ልምረጥ?

ደሴ ላይ፣ ቤት ውስጥ የሚያሳድር፣ በየቀኑ ለማበጠር ጊዜ ያለው ሰው ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚሆነውን ይፈልግ። ትልቁ ኮካፑ ወይም ሚኒ ጎልደንዱድል እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ኮምቦልቻ ላይ ከ10 ኪሎ በታች ያለው ይቀላል፤ ጸጉሩ አጭር ተደርጎ ከተያዘ። ስታንዳርዱን የምመክረው ጣሪያ ያለው በረንዳ ላለው፣ ቀን ቤት የሚውል ጠንካራ ሰው ላለው፣ ዳገት መውጣት ለሚወድ ቤተሰብ ነው። ቶይ የሚያህለውን ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት አልመክርም። ልጅ አንስቶ ሲጥለው እግሩ ይሰበራል።

ዕድሜም ይታሰብ። ትንንሾቹ 15 ዓመት ሊደርሱ ይችላሉ። ትልልቆቹ በአብዛኛው ከ10 እስከ 13 ነው። ትልቁ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፣ ትንሹ የጉልበት ሎሚ መውለቅና የጥርስ ችግር ያሰጋቸዋል።

7. ሻጩን እንዴት ትጠይቃላችሁ

«ሚኒ ነው» የሚል ቃል አይበቃም። የሁለቱንም ወላጆች ኪሎ ጠይቁ። የልጁ ክብደት በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ የት እንደሚወድቅ ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። እናቱ 28 ኪሎ ጎልደን፣ አባቱ 6 ኪሎ ፑድል ከሆነ ቡችላው 12ም 22ም ሊሆን ይችላል። የአንድ እናት ቡችሎች እንኳ ይለያያሉ። ወላጆቹ ሁለቱም ዱድል ሲሆኑ ልዩነቱ ይሰፋል።

የእናትየውን ቪዲዮ አስልኩ። ጎኗ ጀሪካን ይቀመጥ በሉ። ፎቶ ላይ ውሻ ትንሽ ማስመሰል ቀላል ነው፤ የጀሪካን ቁመት ግን ሁላችንም እናውቃለን። እናትየዋን ላሳይ የማይል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘብ አትላኩ። ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላም አትቀበሉ። ትንሽ ሆኖ የታየው ገና ከጡት ያልወጣ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። መዳፉን አይተው «ትልቅ ይሆናል» የሚሉም አሉ፤ በዚያ አትወስኑ።

ቤት ከገባ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሱ ነው። መካከለኛ የሚሆን ቡችላ በ4 ወሩ ገደማ የአዋቂ ክብደቱን ግማሽ ይይዛል። ትንንሾቹ ትንሽ ቀደም፣ ትልልቆቹ እስከ 5 ወር ዘግየት ይላሉ። «10 ኪሎ ይሆናል» የተባለ ቡችላ በ4 ወሩ 9 ኪሎ ከመዘነ 18 የሚጠጋ ውሻ እያሳደጋችሁ ነው። ያኔ ምግብ በመቀነስ ልታሳንሱት አትሞክሩ፤ አጥንቱ ይጎዳል። የበረንዳውን አጥር ከፍ አድርጉ፣ ገመዱን ወፈር ያለ ግዙ፣ አለመጎተትንም ከዚያው ሳምንት ጀምሮ አስተምሩት። የትል ክኒኑም በሚቀጥለው ጊዜ ሻጩ በነገራችሁ ኪሎ ሳይሆን በዚያን ቀን በሚዛኑ ላይ ባያችሁት ኪሎ ይሰላ።